በብረት መጥበሻ የሚጋገር ትልቅ ብስኩት

ብስኩት ሲባል ትንሽ ነገር ይታየናል። አሜሪካኖች ግን አንዱን ብስኩት በመጥበሻ ሙሉ ይጋግሩታል። አምባሻ ያክላል! ቸኮሌት ጣል ጣል ያለበትን ብስኩት በ1930ዎቹ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ያስለመዱት ወይዘሮ ሩት ዌክፊልድ ናቸው። በማሳቹሴትስ ምግብ ቤት ነበራቸው።

170 ግራም የገበታ ቅቤ ከአንድ ኩባያ ስኳር ጋር እንመታለን። አንድ እንቁላል፣ ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ትንሽ ጨውና አንድ ኩባያ የተከተፈ ቸኮሌት እንጨምራለን። ሊጡን ወርዱ 25 ሳንቲ ሜትር በሆነ ከባድ የብረት መጥበሻ ላይ እንዘረጋለን። ምድጃው 175 ዲግሪ ይሁን።

ታዲያ ዋናው ነገር ብረቱ ነው። ከባድ ብረት ቶሎ አይሞቅም፤ ከሞቀ ደግሞ ቶሎ አይበርድም። በሸክላ ምጣድ የጋገረ ሰው ይህን ያውቃል። እሳቱ ጠፍቶም ምጣዱ ያበስላል። ስለዚህ ዳሩ ቡናማ ሆኖ መሐሉ ገና ለስላሳ ሳለ፣ 25 ደቂቃ ገደማ ላይ፣ እናውጣው። «ኧረ አልበሰለም!» ብለን ከመለስነው ይደርቃል። ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፤ ራሱ ይጠነክራል።

እጀታውም ብረት ነው። ከወጣ ቆይቶም እጅ ይልጣል። በደረቅ ጨርቅ እንጠቅልለው። እርጥብ ጨርቅ ሙቀቱን ያሳልፋል። ልጆች ሽታው ስለሚጠራቸው ጨርቁ እስኪበርድ ድረስ ከእጀታው ላይ አይነሳ።