ጉልበተኛው ፒካፕ ወይስ ትልቁ ኤስዩቪ? በር ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አንብቡ

ባለፈው ሰሞን አሜሪካ፣ ኮሎራዶ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ደወለልኝ። ሰላምታችንን ገና ሳንጨርስ "በል እስቲ መሐንዲሱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለኝ። "ፎርድ ራፕተር ልግዛ ወይስ ሼቭሮሌት ታሆ?"

ራፕተር በታዋቂው ኤፍ-150 ፒካፕ ላይ ተመሥርቶ ለበረሃ ፈጣን ጉዞ የተሠራ መኪና ነው። ታሆ ደግሞ ሦስት ረድፍ ወንበር ያለው ትልቅ የቤተሰብ ኤስዩቪ ነው። ወንድሜ ባለቤትና ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት። እማዬም ከአዲስ አበባ ሄዳ ስድስት ወር አብራቸው ልትቆይ ነው። በበጋ ደግሞ 2,000 ኪሎ የሚመዝን የካምፕ ተጎታች ቤት እየጎተተ ተራራ ለመውጣት አስቧል። ልቡ ራፕተሩ ላይ እንደሆነ ከድምፁ ያስታውቃል። "ግዙፍ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ምን ያቅተዋል?" ይላል።

እኔም ወረቀትና እስክሪብቶ አነሳሁ። ምክንያቱም "ጠንካራ" የሚለው ቃል በምህንድስና ብቻውን ትርጉም የለውም። ለምን ሥራ ነው የሚጠነክረው?

ከአጥር ስትዘሉ ጉልበታችሁን ለምን ታጥፋላችሁ?

ከአጥር ላይ ዘላችሁ ስታርፉ እግራችሁን ቀጥ ካደረጋችሁ ያማችኋል። ጉልበታችሁን ካጠፋችሁ ግን ምንም አትሆኑም። የወደቃችሁበት ከፍታ ያው ነው፣ ልዩነቱ ሰውነታችሁ ለመቆም የተጠቀመበት ርቀት ነው። ርቀቱ ሲረዝም የሚያርፍባችሁ ኃይል ይቀንሳል።

የመኪና ሞላና ሾክ አብዞርበርም ልክ እንደ ጉልበት ናቸው። አንድ መኪና ጎማው ከመሬት 50 ሳንቲሜትር ተነሥቶ ተመልሶ ወደቀ እንበል። ጎማው ወደ ላይ መግባት የሚችለው 20 ሳንቲሜትር ብቻ ከሆነ፣ መኪናውን ለማቆም በአማካይ የክብደቱን 3.5 እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። ጎማው 33 ሳንቲሜትር መግባት ከቻለ ግን 2.5 እጥፍ ይበቃል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የወደቀበትን ከፍታ ለጎማው ጉዞ አካፍሉና 1 ደምሩበት። ራፕተር ወደ 2.7 ቶን ይመዝናል፤ ስለዚህ ልዩነቱ ሻንሲው ላይ የሚያርፍ 2.7 ቶን ተጨማሪ ጫና ነው ማለት ነው።

የአሁኑ ራፕተር ጎማዎች እንደ መጠናቸው ከ33 እስከ 38 ሳንቲሜትር ወደ ላይና ወደ ታች ይጓዛሉ። ይህ ለፋብሪካ መኪና ብዙ ነው። ሾክ አብዞርበሮቹም 8 ሳንቲሜትር ግድም ውፍረት አላቸው። ለምን ወፈሩ? ቅድም ያልነው አንድ ዝላይ ውስጥ ያለው ጉልበት 22,000 ጁል ገደማ ነው። ሞላው ለጊዜው ያጠራቅመዋል እንጂ አያጠፋውም። ወደ ሙቀት ቀይሮ የሚያጠፋው ሾክ አብዞርበሩ ነው። 22,000 ጁል አንድ ሊትር ውሃን በ5 ዲግሪ ያሞቃል። ወጣ ገባ በረሃ ላይ ይሄ በየሰኮንዱ ሲደጋገም አስቡት! ቀጭን ሾክ አብዞርበር ዘይቱ ይግልና ሥራውን ያቆማል።

ስለዚህ ራፕተሩ ለታይታ የተሠራ መኪና አይደለም። የምህንድስናው ችሎታ እውነት ነው። ግን እያንዳንዷ ሳንቲሜትር ዋጋ ተከፍሎባታል።

ዋጋው፦ የጭነት አቅም

አዲስ አበባ ውስጥ ሚኒባስ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ባዶ ሲሆን ኮረኮንች ላይ ያነጥራችኋል። ሰው ሲሞላ ግን ለስለስ ይላል። ከኋላ ያለው ባሌስትራ ሸክም እንዲችል ጠንከር ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ጠንካራ ባሌስትራ ብዙ ይሸከማል፣ ግን ምቾት ይነሳል። ለስላሳ ሞላ ደግሞ ጉድጓድን ይውጣል፣ ጭነት ሲበዛበት ግን ቁጭ ይላል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ማግኘት አይቻልም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ለሥራ ተብለው የተዘጋጁ አንዳንድ የቀድሞ ኤፍ-150ዎች ከ1,300 ኪሎ በላይ መሸከም ይችሉ ነበር። ራፕተሩ ግን 635 ኪሎ ግድም ነው የሚሸከመው። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ስም፣ ግን አቅሙ ከግማሽ በታች! ታሆው እንደ ሞተሩና እንደ ዕቃው ቢለያይም በአብዛኛው 700 ኪሎና ከዚያ በላይ ይሸከማል። አዎ፣ የቤተሰቡ መኪና ከጉልበተኛው ፒካፕ ይበልጣል።

"ምን ችግር አለው? 635 ኪሎ እኮ ብዙ ነው" አለኝ ወንድሜ። በሉ አብረን እንደምር።

ወንድሜ 85፣ ባለቤቱ 65፣ እማዬ 70፣ ልጆቹ 25 እና 15፣ የልጆች መቀመጫዎቹ ሁለቱ አንድ ላይ 15። ድምሩ 275 ኪሎ። አሁን ተጎታቹን እንጨምር። ተጎታች የሚንከባለለው በራሱ ጎማ ቢሆንም፣ ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት ቦታ ላይ ወደ ታች ይጫናል። ተጎታቹ በመንገድ ላይ ግራና ቀኝ እንዳይወዛወዝ ይህ ጫና ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲሆን ይመከራል። ለ2,000 ኪሎ ተጎታች ከ200 እስከ 300 ኪሎ ማለት ነው።

635 ሲቀነስ 275 ሲቀነስ 300፦ 60 ኪሎ ቀረ። ውሃው፣ ምግቡ፣ ልብሱ፣ የበረዶ ሳጥኑ፣ ሁሉም ከዚህ ውስጥ ነው። 60 ኪሎ ማለት እማዬ ከአዲስ አበባ በርበሬና ሽሮ ሞልታ ከምትመጣባቸው ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎች ብዙም አይበልጥም። በታሆው ግን 125 ኪሎ ይቀራል፣ ከእጥፍ በላይ።

ከልክ በላይ ቢጫንስ? መኪናው ወዲያው አይሰበርም፣ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው። የኋላው ዝቅ ሲል የፊት ጎማዎች መሬቱን የሚይዙበት ኃይል ይቀንሳል፣ መሪው ይቀላል፣ ፍሬን ሲያዝ ለመቆም ብዙ ርቀት ይፈልጋል፣ ጎማም ይግላል። ይሄ ሁሉ የሚታወቀው ረጅም ቁልቁለት ላይ፣ ልጆች ከኋላ ተኝተው ሳለ ነው።

"ከመንገድ ውጪ" ስንል የትኛውን?

ብዙ ሰው ከመንገድ ውጪ መንዳትን አንድ ነገር አድርጎ ያስባል። ቢያንስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰፊ በረሃ ላይ በፍጥነት መብረር ነው፣ በሜክሲኮ ባሃ በረሃ ላይ እንደሚካሄዱት ውድድሮች። ሁለተኛው በተራራ ገደል ጠርዝ ላይ በጠባብ መንገድ፣ ድንጋይ እየመረጡ፣ በእግር ፍጥነት መሄድ ነው።

ራፕተር የተወለደው ለመጀመሪያው ነው። በፍጥነት ሲታጠፍ እንዳይገለበጥ ጎማዎቹ ተራርቀዋል። ለመገልበጥ መቋቋም ቁልፉ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት ከክብደት ማዕከሉ ከፍታ ጋር ያለው ንጽጽር ነው። መኪናውን ከፍ ካደረጋችሁት ማስፋትም አለባችሁ። በዚህ የተነሣ ስፋቱ ያለ መስታወቶቹ 2.2 ሜትር ገደማ ሆኗል። የአሜሪካ ሕግ ስፋቱ 203 ሳንቲሜትር የደረሰ መኪና እንደ ከባድ መኪና ተጨማሪ መለያ መብራት እንዲኖረው ያስገድዳል። ብዙ ሰው ለጌጥ የሚመስሉት በራፕተር ፊት ያሉት ሦስት ቢጫ መብራቶች ምክንያታቸው ይህ ነው።

ኮሎራዶ ደግሞ የሁለተኛው ዓይነት አገር ናት። ጠባብ ተራራ መንገድ ላይ ሌላ መኪና ፊት ለፊት ሲመጣ ያ ስፋት ይጠላል። ቤት ሲደርሱም ያው ነው፣ መስታወቶቹ ሲዘረጉ ከ2.4 ሜትር ይበልጣል። ወንድሜን "መጀመሪያ የጋራዥህን በር ለካ" አልኩት።

በእርግጥ ታሆውም እዚህ ጋ ጎበዝ አይደለም። መደበኛው ከመሬት 20 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ ራፕተሩ 30 ይደርሳል። ትልቅ ድንጋይ ላይ ታሆው ሆዱን ይመታል።

ራፕተር የሚያሸንፍበት ቦታ፦ ስስ አየር

ሚዛናዊ ለመሆን አንድ ነገር ልናገር። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚወስደው አውራ ጎዳና አይዘንሃወር በሚባለው ዋሻ ውስጥ ሲያልፍ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ይደርሳል። ይህ ከእንጦጦ አናት ይበልጣል። እዚያ ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚጠጥረው። ሞተር ደግሞ ነዳጁን የሚያቃጥለው በሚስበው አየር ልክ ነው። የታሆው 5.3 ሊትር ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር 355 የፈረስ ጉልበት አለው ቢባልም፣ እዚያ ከፍታ ላይ ወደ 250 ይወርዳል።

ራፕተሩ 3.5 ሊትር ባለ 6 ሲሊንደር ሞተሩ ላይ ሁለት ቱርቦ ስላለው አየሩን ጨምቆ ያስገባል፤ ከ450 የፈረስ ጉልበቱ አብዛኛውን ይዞ ይወጣል። አዲስ አበባ ውስጥም ቱርቦ ያላቸው መኪኖች ዳገት ላይ የሚቀልላቸው በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ ታሆ ተጎታች እየጎተተ ዳገቱን ሲወጣ ቀስ ይላል። ቀስ ማለት ግን ያዘገያል እንጂ አይገድልም።

ነዳጅን በተመለከተ ብዙ አልቆይም። ሁለቱም ከባድ፣ ሁለቱም ሰፊ ግንባር ያላቸው ናቸው። በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር አካባቢ ይጠጣሉ። ልዩነታቸው ውሳኔ የሚያስቀይር አይደለም።

ከኮፈኑ ፊት ያለው ልጅ

ይህኛው ክፍል ሁለቱንም መኪኖች ይመለከታል። በ2023 የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት የኢንሹራንስ ተቋም ባወጣው ጥናት፣ የኮፈናቸው ጠርዝ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ያለ መኪኖች እግረኛ ሲገጩ፣ ኮፈናቸው ዝቅ ብሎ ከተንሸራተተ መኪኖች ይልቅ የመግደል ዕድላቸው በ45 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ከመግጨት በፊት ግን አለማየት አለ። የሾፌሩ ዓይን 1.8 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የኮፈኑ ጠርዝ 1.2 ሜትር ላይ፣ በመካከላቸው 2.2 ሜትር ርቀት አለ እንበል። በተመሳሳይ ሦስት ማዕዘን አስሉት፦ ቁመቱ 90 ሳንቲሜትር የሆነ ልጅ ከኮፈኑ ፊት 1.1 ሜትር ድረስ ቢቆም ሾፌሩ ጨርሶ አያየውም። የወንድሜ ትንሿ ልጅ ቁመቷ ይኸው ነው።

እናንተም ልትሞክሩት ትችላላችሁ። የቆመና ሞተሩ የጠፋ መኪና ውስጥ ትልቅ ሰው ይቀመጥ። ከኮፈኑ ፊት ጀሪካን አስቀምጡና እስኪታይ ድረስ ወደ ፊት አርቁት፤ ከዚያ ርቀቱን በሜትር ለኩ። ውጤቱ ያስደነግጣችኋል። በኮፈን ከፍታ ታሆም ንጹሕ አይደለም። ስለዚህ የትኛውም ቢገዛ የፊት ካሜራ ያለውን እንዲመርጥ፣ ከግቢ ከመውጣቱ በፊትም ልጆቹን በዓይኑ እንዲቆጥር ነገርኩት።

ታዲያ የቱን ገዛ?

ወንድሜን አንድ የቤት ሥራ ሰጠሁት፦ "ያለፈውን ዓመት ጉዞህን ጻፍ።" ጻፈ። ሥራ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ፣ አየር ማረፊያ፣ አራት ጊዜ ተራራ። በረሃ ላይ በፍጥነት የነዳበት ቀን ዜሮ። ለዚያ ዜሮ ቀን ብሎ በቀሩት ቀናት ሁሉ ዋጋ ሊከፍል ነበር፤ እማዬም ጉልበቷን እያመማት በየቀኑ ወደዚያ ከፍታ ልትወጣ፣ በሁለት የልጅ መቀመጫዎች መካከልም ልትጣበቅ ነበር። ታሆው ሦስተኛው ረድፍ ሲታጠፍ 2,000 ሊትር ያህል ዕቃ ከበረዶና ከዝናብ ተጠብቆ ይይዛል፣ ሲዘረጋ ደግሞ እንግዳ ያስቀምጣል።

አሪዞና በረሃ ዳር የሚኖር፣ ቅዳሜና እሑዱን አሸዋ ላይ የሚያሳልፍ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ ያለ ማመንታት "ራፕተር" እለው ነበር።

ከሳምንት በኋላ ፎቶ ላከልኝ። የመኪናው መልክ አልነበረም። የሾፌሩን በር ስትከፍቱ የምትታየዋ፣ ሰውና ዕቃ አንድ ላይ ከስንት ኪሎ መብለጥ እንደሌለበት የምትናገረዋ ትንሽ ወረቀት ነበረች። የታሆ ናት። ከሥሯ እንዲህ ጽፏል፦ "አነበብኩት። ራፕተሩን ግን አንድ ቀን ተከራይቼ እነዳዋለሁ።"

እኔም ያንን ቀን አብሬው ብሆን ደስ ይለኛል።