በሁለተኛው ድምፅ ወደ ምክር ቤት፦ የፊሊፒንሱ አክባያን ፓርቲ ጉዞ

በደቡብ ምሥራቅ እስያ በምትገኘው ፊሊፒንስ ለተወካዮች ምክር ቤት ድምፁን የሚሰጥ ዜጋ ሁለት ጊዜ ይመርጣል። የመጀመሪያውን ድምፅ ለምርጫ ክልሉ ዕጩ ይሰጣል። ሁለተኛው ግን ለግለሰብ ሳይሆን ለድርጅት የሚሰጥ ነው። አክባያን የተሰኘው አነስተኛ ፓርቲ ከ1998 አንሥቶ ሲወጣና ሲወርድ የቆየው በዚሁ ሁለተኛ ድምፅ ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስ በ1986 በሕዝባዊ እንቅስቃሴ ከሥልጣን ከተወገዱ በኋላ የጸደቀው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት፣ ከተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች 20 በመቶው በፓርቲ ዝርዝር ለሚመረጡ አባላት እንዲሆን ደንግጓል። ምክር ቤቱ ለረጅም ዘመን የባለጸጋና የባለርስት ቤተሰቦች መፈራረቂያ ሆኖ በመቆየቱ፣ ሠራተኛው፣ ገበሬው፣ ዓሣ አጥማጁና የከተማው ድኻ መግቢያ በር እንዲያገኙ ታስቦ የተደረገ ነው። ይሁን እንጂ እስከ 1998 ድረስ የእነዚህ ክፍሎች ተወካዮች በምርጫ ሳይሆን በፕሬዚዳንቱ ሹመት ይገቡ ነበር። ምርጫውን የሚገዛው ዝርዝር ሕግ የወጣው በ1995 ነው።

በሕጉ መሠረት ከጠቅላላው የፓርቲ ዝርዝር ድምፅ 2 በመቶ ያገኘ ድርጅት አንድ መቀመጫ ይረጋገጥለታል፤ ተጨማሪ ቢደርሰውም ከሦስት አይበልጥም። ሦስት ሰው ብቻ ይዞ በመቶዎች በሚቆጠሩ አባላት መካከል መቀመጥ ቀላል ነገር ባይሆንም፣ ምንም ሳይኖር ከመቅረት እንደሚሻል ፓርቲዎቹ ያውቁታል። በመጀመሪያው የ1998 ምርጫ ከ52ቱ መቀመጫዎች የተያዙት 14ቱ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ፓርቲዎች ሁሉ 2 በመቶውን አልሞሉምና።

ከጥቂቶቹ አሸናፊዎች አንዱ አክባያን ነበር። ስሙ በጓደኛ ትከሻ ላይ ክንድን ማኖር ከሚል የአገሬው ቃል የተወሰደ ነው። ብቸኛዋ ተወካዩ ሎሬታ ሮሳሌስ በማርኮስ ዘመን ታስረው ሥቃይ የተፈጸመባቸው መምህርት ናቸው። በ2004 ፓርቲው ሦስቱንም መቀመጫዎች አገኘ። ከአባላቱ አንዷ የነበሩት ሪሳ ሆንቲቬሮስ በ2008 የመድኃኒት ዋጋን ለመቀነስ፣ በ2009 ደግሞ የመሬት ማሻሻያውን ለማራዘም በወጡት ሕጎች ላይ ጉልህ ድርሻ ነበራቸው።

በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 2 በመቶው ለመጀመሪያው የተረጋገጠ መቀመጫ እንጂ ለቀሪዎቹ መስፈርት ሊሆን እንደማይችል ወሰነ። ባዶ ይቀሩ የነበሩት ወንበሮች ከዚያ ወዲህ በድምፅ ብዛት ቅደም ተከተል መደልደል ጀመሩ። አክባያንም በዚሁ ውሳኔ አንድ ተጨማሪ መቀመጫ አግኝቶ የኅብረተሰብ ሳይንስ ምሁሩን ዋልደን ቤሎን አስገባ።

በሩ ሲሰፋ ግን የገቡት ድኾች ብቻ አልነበሩም። በ2010 የፕሬዚዳንት ግሎሪያ አሮዮ ልጅ ማይኪ አሮዮ ለጥበቃ ሠራተኞች ቆሜያለሁ በሚል ድርጅት ስም ምክር ቤት ገብተዋል። አንዳንድ ድርጅቶች ደግሞ በፊደል ተራ ከዝርዝሩ አናት ለመቀመጥ ስማቸውን በ«አ» ወይም በ«1» ያስጀምሩ ስለነበር፣ የምርጫ ኮሚሽኑ ለ2013ቱ ምርጫ ቅደም ተከተሉን በዕጣ እስከመወሰን ደርሷል። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሥርዓቱ ለተገለሉ የኅብረተሰብ ክፍሎች ብቻ የተወሰነ አይደለም ሲል መፍረዱ ዓላማው ተዳከመ ለሚሉ ወገኖች ተጨማሪ መከራከሪያ ሆኗል። ክርክሩ መሠረት የለውም ለማለት ያስቸግራል።

አክባያን በ2016 አንድ መቀመጫ ብቻ ሲያገኝ፣ ሆንቲቬሮስ ግን በዚያው ምርጫ የሴኔት አባል ሆኑ። በ2019 እና በ2022 ፓርቲው ከተወካዮች ምክር ቤት ጨርሶ ወጣ። የ2022 ድምፁ 1 በመቶ እንኳ ባይሞላም በተራ ቁጥር ከመጨረሻው አሸናፊ ቀጥሎ ነበርና፣ በ2024 የአንድ ሌላ ድርጅት ምዝገባ ሲሰረዝ የተለቀቀው ወንበር ለእርሱ ደረሰ።

በዚህ አንድ ወንበር የተቀመጡት ፐርሲቫል ሴንዳኛ፣ በታኅሣሥ 2024 በምክትል ፕሬዚዳንት ሣራ ዱተርቴ ላይ የቀረበውን የመጀመሪያ የክስ ማመልከቻ ደግፈው አስገቡ። ሕገ መንግሥቱ አንድ አባል ብቻ የደገፈው ማመልከቻ እንዲታይ ስለሚፈቅድ ብዙ ወንበር አላስፈለጋቸውም። ምክር ቤቱ በየካቲት 2025 ክሱን ያጸደቀው በኋላ በቀረበ አራተኛ ማመልከቻ ሲሆን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሐምሌ ወር ክሱን ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ነው ሲል ውድቅ አድርጎታል።

በመካከሉ፣ በግንቦት 2025 በተካሄደው ምርጫ፣ አክባያን ከ2 ነጥብ 7 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝቶ ከሁሉም የፓርቲ ዝርዝር ተወዳዳሪዎች ቀዳሚ ሆነ። ካሉት 63 መቀመጫዎች የደረሱት ሦስት ናቸው፤ ሕጉ ከዚያ በላይ አይፈቅድም።