«መዝሙር 9» የተባለው የሄቪ ሜታል አልበም፦ መዝሙር ነው ወይስ ዘፈን?

የወጣቶች አገልጋዮችና ወላጆች ልጆች በጆሮ ማዳመጫ የሚሰሙትን የሙዚቃ ዝርዝር ሲያዩ አንዳንድ ጊዜ የሚያስደነግጥ ስም ያጋጥማቸዋል። «ዱም ሜታል» የሚለው አንዱ ነው። «ዱም» በእንግሊዝኛ የማይቀር ጥፋት፣ ክፉ ፍጻሜ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በዚህ የሙዚቃ ዓይነት ፈር ቀዳጅ ከሚባሉት አልበሞች አንዱ ዛሬ የሚታወቀው በዳዊት መዝሙር ስም ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ለሚጠይቁን ልጆችስ ምን እንመልሳለን?

ነገሩ የሚጀምረው በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ነው። የብላክ ሳባዝ ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚ ገና በወጣትነቱ በብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠበት። ሙዚቃውን ግን አልተወም፤ ለጣቶቹ ቆብ ሠርቶላቸው መጫወቱን ቀጠለ። በኋላም ክሮቹ እንዲላሉለት ጊታሩን ከተለመደው ዝቅ አድርጎ ቃኘ። ዛሬ «ዱም» የሚባለው ከባድ፣ ዝግተኛና ወፍራም ድምፅ ከዚህ የተወለደ ነው። የባንዱ የመጀመሪያ አልበም እ.ኤ.አ. የካቲት 13 ቀን 1970 ዓ.ም. ሲወጣ አሳታሚው በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተገለበጠ መስቀል አትሞበት ነበር፤ የባንዱ አባላት ይህ የተደረገው ሳያውቁ እንደሆነ ተናግረዋል። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ያንን መስቀል ነው። ያው ባንድ በ1971 በሦስተኛው አልበሙ ስለ ሞትና ስለ እግዚአብሔር በቀና መንገድ የሚጠይቅ መዝሙር መሰል ዘፈን ማውጣቱን ግን ጥቂት ሰው ያውቃል። ግጥሙን የጻፈው በካቶሊክ ቤተሰብ ያደገው ጊዘር በትለር ነው።

«መዝሙር 9»ን ያወጣው ባንድ ትራብል ይባላል፤ ትርጉሙ «መከራ» ወይም «ችግር» ነው። በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት፣ ከቺካጎ ብዙ በማትርቀው በኦሮራ ከተማ በ1979 ተመሠረተ። በ1984 የመጀመሪያ አልበሙን በሜታል ብሌድ አሳታሚ በኩል አወጣ። ድምፃዊው ኤሪክ ዋግነር፣ ጊታሪስቶቹ ብሩስ ፍራንክሊንና ሪክ ዋርቴል፣ ቤዝ ተጫዋቹ ሾን ማካሊስተር፣ ከበሮ መቺው ደግሞ ጄፍ ኦልሰን ነበሩ። አልበሙ መጀመሪያ የወጣው በባንዱ ስም ነበር። በ1990 ባንዱ ሌላ አልበም በዚያው ስም ሲያወጣ ሁለቱ እንዳይምታቱ የመጀመሪያው በመጨረሻው ዘፈኑ ስም «መዝሙር 9» ተባለ።

በአልበሙ ላይ ስምንት ዘፈኖች አሉ። ከርእሶቹ መካከል «ፈታኙ»፣ «የሉሲፈር ውድቀት»፣ «ራእይ»ና «የመጨረሻው ዘመን» ይገኛሉ። ዋግነርም በካቶሊክ እምነት ያደገ ሰው ስለ ነበር ግጥሞቹ ከመጽሐፍ ቅዱስ ብዙ ይቀዳሉ። በዚያ ዘመን ብዙ የሜታል ባንዶች ሰይጣንን እንደ ጌጥ ይጠቀሙበት ነበር። ለምሳሌ ቬነም የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1982 «ብላክ ሜታል» የሚል አልበም አውጥቶ ነበር። ትራብል በዚያው አስፈሪ ድምፅ ሰይጣንን የወደቀና የሚፈረድበት ጠላት አድርጎ አቀረበው። ሆኖም ሁሉም ነገር ንጹሕ ነው ማለታችን አይደለም። አንደኛው ዘፈን በርእሱ ላይ ግልጽ ስድብ አለው፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም።

አሳታሚው ድርጅት ገበያ ለመሳብ «ኋይት ሜታል»፣ ማለትም ነጭ ሜታል የሚል ስም ለጠፈባቸው። ዋግነር ይህን ስም አልወደደውም። በዚያው በ1984 ስትራይፐር የተባለው የካሊፎርኒያ ባንድ የመጀመሪያ ሥራውን አወጣ፤ እነርሱ ግን ክርስቲያኖች ነን ብለው በግልጽ መሰከሩ፣ ከመድረክም ለሕዝቡ መጽሐፍ ቅዱስ ይወረውሩ ነበር። ቢሆንም እንደ ጂሚ ስዋጋርት ያሉ ሰባኪዎች አጥብቀው ተቃወሟቸው። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ስትራይፐር ለምስክርነት የወጣ ባንድ ነው፤ ትራብል ግን ውስጡ እምነት ያለበት የሜታል ባንድ ነበር።

በእኛ ቋንቋ ጥያቄው የበለጠ ይከብዳል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለሁለቱም አንድ ቃል ይበቃዋል፤ እኛ ግን «መዝሙር»ና «ዘፈን» ብለን እንለያለን፣ መለየታችንም ትክክል ነው። መዝሙር ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ነው። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ይህ አልበም መዝሙር አይደለም፤ በአምልኮ ጊዜ የሚዘመር ነገርም የለበትም። ነገር ግን ለሥጋ ምኞት እንደሚዘፈነው ዘፈን አድርጎ መቁጠርም ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። እንጉርጉሮ ብንለው ይሻላል። እንጉርጉሮ ደግሞ ለእግዚአብሔር ሕዝብ እንግዳ አይደለም፤ ሰቆቃወ ኤርምያስን፣ ወይም በጨለማ የሚያልቀውን መዝሙር 88ን ያስታውሷል።

ዘጠነኛው መዝሙር ራሱ ምን ይላል? ግማሹ ምስጋና፣ ግማሹ ፍርድ ነው። በቁጥር 9 ላይ እግዚአብሔር ለተጨቆኑት በመከራ ጊዜ መጠጊያ እንደሆነ ይነግረናል፤ ከዚያ ወረድ ብሎ አሕዛብ በቆፈሩት ጉድጓድ ራሳቸው እንደ ገቡ ይናገራል። በዕብራይስጡ መዝሙር 9ና 10 በፊደል ተራ የተያያዙ ናቸው፤ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉምና የግእዙ ዳዊትም ሁለቱን እንደ አንድ መዝሙር ይቆጥሯቸዋል። በመዝሙር 10 መጀመሪያ ላይ ያለው «ለምን ርቀህ ቆምህ?» የሚል ዓይነት ጩኸት እንግዲህ ከምስጋናው ጋር የተሰፋ ነው። በጩኸትና በምስጋና መካከል ያለችውን ነፍስ የሚገልጽ ሙዚቃ ፈጣንና ፈንጠዝያ የሞላበት ባይሆን አይገርምም።

ዋግነር እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2021 በኮቪድ ሕመም አረፈ። ባንዱ ከመጀመሪያዎቹ አልበሞች በኋላ በተለይ ከ1990 ጀምሮ ወደ ሌላ ዓይነት ግጥም አዘንብሏል፤ ስለዚህ ልጃችሁ «ይህ እኮ ክርስቲያን ባንድ ነው» ቢላችሁ የትኛውን አልበም እንደሚሰማ ጠይቁት፣ ግጥሙንም አብራችሁ አንብቡ።