ባሕር ዳር ከሳይክል ስትወርድ

እስኪ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ባለፈው ወር ቤተሰብዎ ለትራንስፖርት ስንት ብር አወጣ? የቤት ኪራዩን፣ የጤፉንና የዘይቱን ዋጋ ሳያስቡ ይነግሩኛል። የትራንስፖርቷ ወጪ ግን በአሥር በአሥራ አምስት ብር እየተቆራረጠች ስለምትወጣ ማንም አይመዘግባትም።

አራት ሰው ያለበትን ቤት እንውሰድ። እያንዳንዱ በቀን አንዴ ሄዶ አንዴ ቢመለስ ስምንት ጉዞ ነው። ለአንዱ ጉዞ 15 ብር ብንይዝ (እርስዎ የሰፈርዎን ታሪፍ ይተኩበት) በቀን 120 ብር፣ በወር 24 ቀን ብንቆጥር 2,880 ብር ይሆናል። የእሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶው፣ የቅዳሜ ገበያ፣ ሲመሽ የሚያዘው ኮንትራት ገና አልተደመረም።

ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ስለዚህ ይህን ገንዘብ የማየው ከገበያው በኩል ነው። ለባጃጅ የተከፈለ ብር ከፊሉ ለሾፌሩ ቤተሰብ ይደርሳል፤ ደግ ነገር ነው። ቀሪው ግን ለነዳጅ፣ ለጎማና ለመለዋወጫ ይሄዳል፤ እነዚህ ደግሞ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚመጡ ናቸው። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ሲያነሳ፣ በሐምሌ 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ጭማሪው ዞሮ ዞሮ የደረሰው ማለዳ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ከሚሸኘው ወላጅ ኪስ ነው። ያ ብር ከሰፈር ሱቅ፣ ከልብስ ሰፊው፣ ከልጅ መጽሐፍ ላይ የተነሳ ነው። ስለ ከተማ ዕድገት ሲወራ የምንቆጥረው ሕንፃ ነው፤ ሰው ከቤቱ ወደ ሥራው ለመድረስ የሚከፍለውን ግን አንቆጥርም።

ባሕር ዳር በዚህ ረገድ የታደለች ከተማ ነበረች። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጣና ዳር እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋች ሜዳ ናት። በ1950ዎቹ ጀርመናዊው ማክስ ጉተር ማስተር ፕላኗን ሲሠራ ሰፋፊ ጎዳናዎች ተነደፉላት፤ ዛሬ ፎቶ የምንነሳባቸው ዘንባባዎችም የእነዚሁ ጎዳናዎች ጌጥ ናቸው። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቋቋመ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተሠራው ፖሊ ቴክኒክ ተከፈተ። ሠራተኛውም ተማሪውም ሳይክል ያዘ። እንጦጦን ለሚወጣ የአዲስ አበባ ሰው ሳይክል ስፖርት ነው፤ ለባሕር ዳር ሰው ግን መጓጓዣ ሆነ። ለአስተማሪም፣ ለነርስም፣ እንጀራ ለምታደርስ እናትም። እስከ ዛሬ እዚህ ሴት ሳይክል ስትነዳ ብርቅ አይደለም፤ ይህ ደግሞ በአገራችን ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ምን ሆነ? ከተማዋ አደገች። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ 155 ሺህ ገደማ የነበረው ነዋሪ ከዚያ ወዲህ እጅግ በዝቷል። መሐል ከተማ ኪራዩ ሲወደድ ሰው ወደ ዳር ወጣ፤ በእግር ይደረስ የነበረው ሥራ ራቀ። ባጃጅ መጣች። ባጃጅን መውቀስ የሚወድ ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን አልስማማም። ሥራ ላጣ ወጣት እንጀራ ሆናለች፤ ሌሊት ምጥ የያዛትን እናት ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ታደርሳለች። (ከኋላዋ የሚጻፉትን ጥቅሶች ማስታወቂያ ጻፊ ብሆንም አልችላቸውም።) ችግሩ ከእርሷ ሌላ ምርጫ ሲጠፋ ነው። ባጃጅ በሆነ ምክንያት በማትሠራበት ቀን ጎዳናውን ይመልከቱ፦ ሠራተኛው አርፍዶ ይገባል፣ ሱቁ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ሳይክል ያለው ብቻ በሰዓቱ ይደርሳል።

ሳይክል ያላቸውም ቢሆኑ እየተውት ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚሰጠው ምክንያት ስንፍና ሳይሆን ፍርሃት ነው። አይሱዙና ባጃጅ በሚጋፉበት መንገድ የ12 ዓመት ልጅዎን በሳይክል ይልካሉ? እኔም አልልክም። ኔዘርላንዶችም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከተሞቻቸው በመኪና ተጥለቅልቀው ነበር። በመኪና የሚገደሉት ሕፃናት ቁጥር ሲበዛ ወላጆች አደባባይ ወጡ፤ በ1973 የነዳጅ ቀውስ ተጨመረበት፤ ለሳይክል የተለየ መንገድ የመሥራቱ ሥራ የተፋጠነው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ “እነሱ ድሮም ሳይክል ይወዳሉ፣ እኛ ግን ባህላችን አይደለም” የሚለው ወሬ ለባሕር ዳር አይሠራም። ሳይክል እዚህ ባህል ነበር፤ የጎደለው መንገዱ ነው።

መንገዱ ደግሞ መምጣት ጀምሯል። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው፤ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ለመኪና ሦስት መስመር፣ ከዚያ በተጨማሪ ለሳይክልና ለእግረኛ የተለየ ቦታ ተሠርቶለታል። ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለውን ጠባቡን አሮጌ ድልድይ በሳይክል የተሻገረ ሰው ልዩነቱን ማብራሪያ አያሻውም። ከድልድዩ ማዶ፣ በጎንደር መንገድ፣ ዘንዘልማ አለ፤ የዩኒቨርሲቲው የግብርና ግቢ ያለው እዚያ ነው። የትራንስፖርት ሚኒስቴርም በ2012 ዓ.ም. ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት የአሥር ዓመት ስትራቴጂ አውጥቷል። አዲስ አበባ በ2008 መጀመሪያ ባቡሯን ሥራ ስታስጀምር 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶባታል። ባሕር ዳር የሚያስፈልጋት ቀለም፣ ጠርዝ ድንጋይና ጥላ ነው፤ ዘንባባው እንኳ ተተክሎ ቆሟል።

ሐይቁንም አንርሳው። የዘጌ ሰዎች እንጨታቸውን በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ባሕር ዳር ገበያ ያደርሱ ነበር፤ እስከ ጎርጎራ ድረስም በጀልባ ይኬድ ነበር። ዛሬ ጣና የሽርሽር ቦታ ብቻ ሆኖ ቀርቷል ማለት ይቻላል። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚወጣው ለሌላ ጊዜ ልተወው።

ለጊዜው ቤትዎ ሳይክል ካለ ፍሬኑንና ሰንሰለቱን ያስፈትሹ፤ ለማታ መብራት ይግጠሙለት። ቀጣሪ ከሆኑ ደግሞ በግቢዎ ጥላ ሥር ሳይክል የሚታሰርበት ብረት ያስተክሉ፤ ዘበኛው ዓይኑን ይጣልበት። ሠራተኛዎ ሳይክሉን ቤት ትቶ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጥበት ስላጣ ነው። በሚቀጥለው የወላጅ ስብሰባም ስለ ክፍያና ስለ ዩኒፎርም ከማውራትዎ በፊት ልጆቹ ከበሩ እስከ ዋናው አስፋልት ያለውን መንገድ እንዴት እንደሚሻገሩ ይጠይቁ።