ሳይጫን የሚሠራ የዴስክቶፕ ፕሮግራም፦ ከባዱን ሥራ ማን ነው የሚሠራው?

የቴሌግራምን የኮምፒውተር አፕ ትጠቀማላችሁ? እንግዲያው ኪውትን ሳታውቁት እየተጠቀማችሁ ነው። ኪውት ፕሮግራመሮች መስኮቱን፣ ቁልፉንና ሜኑውን ከዜሮ እንዳይጽፉ የሚያግዝ የሲ ፕላስ ፕላስ ፍሬምወርክ ነው። በኪውት የተሠራ ፕሮግራም ለመጠቀም ድሮ አውርዶ መጫን ግድ ነበር። አሁን ግን ሊንክ ነክቶ ብሮውዘር ውስጥ መክፈትም ይቻላል።

እንዴት? ብሮውዘር ለዓመታት የሚገባው የፕሮግራም ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። በ2017 እ.ኤ.አ. ግን ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ሳፋሪና ኤጅ ዌብአሴምብሊን መቀበል ጀመሩ። ለማሽን ቋንቋ የቀረበ፣ ፈጣን ኮድ ነው። የቆየ የሲ ፕላስ ፕላስ ሶፍትዌር ያለው ድርጅት ሁሉንም እንደ አዲስ አይጽፍም፤ ኤምስክሪፕተን በሚባል መሣሪያ ወደዚህ ኮድ ይቀይረዋል። በ1982 የወጣው አውቶካድ በ2018 ዌብ ላይ የመጣው የድሮ ኮዱን በዚህ መንገድ ይዞ ነው። ፎቶሾፕም በ2021 በሙከራ ደረጃ ተከተለ።

እኛ በጣም የወደድነው ደኅንነቱን ነው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞር ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ስትጭኑ ኮምፒውተራችሁን በሙሉ አሳልፋችሁ ትሰጡታላችሁ። ብሮውዘር ውስጥ ያለ ፕሮግራም ግን ታጥሮ ነው የሚሠራው፤ እናንተ መርጣችሁ ካልሰጣችሁት ፋይላችሁን አያይም።

ግን አንድ ነገር እንዳትሳሳቱ። «ኦንላይን ስለሆነ ከባዱን ሥራ ሰርቨሩ ይሠራልኛል» የሚሉ ብዙ ናቸው። አይደለም! ኮዱ የሚወርደው ወደ እናንተ ነው፤ የሚበላውም የእናንተን ራም ነው። በኪውት የተሠራች ትንሽ ፕሮግራም እንኳ ስትከፈት ጥቂት ሜጋባይት ታወርዳለች፣ ትልልቆቹማ ዳታ አይምሩም። ስለዚህ መጀመሪያ ዋይፋይ ላይ ክፈቱት። ስልክ ላይ ደግሞ ብዙ አትጠብቁ፤ ለማውስ የተሠሩ ቁልፎች ለጣት ያንሳሉ። ኪውት ጽሑፉን ልክ እንደ ሥዕል ስለሚስለው በብሮውዘሩ መፈለጊያ ቃል ብትፈልጉም አታገኙም።

ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ይሄ ነው፦ አንዳንዶቹ ፋይላችሁን የሚያስቀምጡት በጊዜያዊ ሜሞሪ ላይ ነው። ገጹን ሪፍሬሽ ካደረጋችሁ ወይም ታቡን ከዘጋችሁ የሁለት ሰዓት ሥራ ድራሹ ይጠፋል። «ሴቭ» የሚል ቁልፍ ስላያችሁ ብቻ አትመኑ፤ ፋይሉን ዳውንሎድ አድርጉና ከብሮውዘሩ ውጪ መከፈቱን አረጋግጡ።