የአደን ጥይት ሁሉ አንድ አይደለም፦ ምርጫው ከሐላልና ከኢሕሳን ጋር ምን አገናኘው?



በቅርቡ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ከዐስር ሶላት በኋላ ከመስጂድ ወጥተን ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ ከአሜሪካ ሚኒሶታ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ አንድ ወንድም አጠገባችን ተቀመጠ። ስለ ኑሮው ሲያወጋን ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኡስታዝ፣ ልቤን የከበደኝ አንድ ነገር አለ» አለን። ባለፈው የአደን ወቅት ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር አጋዘን ሊያድን ወጥቶ ነበር። ቢስሚላህ ብሎ ተኮሰ፤ መታውም። እንስሳው ግን አልወደቀም። ደም እያንጠባጠበ ጫካ ገባ፤ መሸ። በማግስቱ ጠዋት ሞቶ አገኙት። «ጓደኞቼ ሥጋውን ተካፈሉት፤ እኔ ግን ፈርቼ ተውኩት። ሐላል ነበር ወይ? ደግሞስ ያን ሁሉ ሰዓት የተሰቃየው በእኔ ጥፋት ነው ወይስ በጥይቱ?»

የመጀመሪያው ጥያቄ የፊቅህ ነው፤ ሁለተኛው የመሣሪያ። ለየብቻ ልንመልሳቸው አስበን ነበር። ስናያቸው ግን አንዱ ያለ ሌላው የሚመለስ አይደለም። በውጭ አገር በሕጋዊ አደን የሚሳተፉ ወንድሞች እየበዙ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት መልካም መስሎ ታየን።

የትኛው አጋዘን?

እኛ አገር አጋዘን ስንል የምናስበው ረጅምና ጥምዝ ቀንድ ያለውን እንስሳ ነው። በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖረው የደጋ አጋዘን ከዓለም በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ሲሆን ወንዱ ከ180 እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል። የቀንዱ ጠባይ ከከብት፣ ከበግና ከፍየል ወገን ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ አይወልቅም። የአሜሪካው አጋዘን ሌላ ወገን ነው። የወንዱ ቀንድ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይሠራል፤ በየዓመቱ ይረግፍና እንደገና ይበቅላል። ባለ ነጭ ጭራው ዝርያ ወንዱ በአብዛኛው ከ60 እስከ 130 ኪሎ ነው።

ይህን ማስቀደማችን ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ጥይት ምርጫ ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ «የሚታደነው እንስሳ ምን ያህል ነው?» የሚል ነውና። ለ70 ኪሎ እንስሳ የሚበቃው ለ300 ኪሎው ላይበቃ ይችላል።

ጥይት ከምን ይሠራል?

አንድ ጥይት አራት ነገር ነው። የናሱ ቀለህ፣ በውስጡ ያለው ባሩድ፣ ከግርጌው በመርፌ ስትመታ እሳት የምትጭረው ክፍል፣ እና ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚሄደው አረር። አዳኞች ሲያወዳድሩ የሚያዩት አረሩ ስንት ግራም እንደሚመዝን፣ በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሚሄድ፣ እና እንስሳው አካል ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ነው።

ስናስተምር በነበረበት ጊዜ ለተማሪዎች የምንነግረው አንድ ሕግ እዚህ ይሠራል። የሚንቀሳቀስ ነገር ክብደቱ በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱም እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ግን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ለዚህ የአያቶቻችን ውጅግራ ጥሩ ምሳሌ ነው። ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው የፈረንሳዮቹ ግራ ጠመንጃ ሲሆን በአድዋ ዘመን በሠራዊታችን እጅ ነበር። አረሩ 11 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ ነው፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ። ዛሬ በአሜሪካ ለአጋዘን ከሚመረጡት መካከል ትንሹ .243 ዊንቸስተር ደግሞ አረሩ 6.5 ግራም ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ ግን 900 ሜትር ይደርሳል። ክብደቱ ወደ ሩብ ወረደ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሆነ። ስለዚህ የሁለቱም ጉልበት ከ2,500 እስከ 2,600 ጁል ነው፤ እኩል ሊባል ይችላል። ልዩነቱ የሚታየው በርቀት ላይ ነው። ዘገምተኛው አረር ቶሎ ወደ መሬት ያዘነብላል፤ ፈጣኑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ለአጋዘን የሚመረጡት

ስማቸው ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ሰው ያደናግራል። ከነጥብ በኋላ ያለው የአረሩን ወይም የአፈሙዙን ውፍረት በኢንች ይናገራል። ካርቶኑ ላይ የአረሩ ክብደት የሚጻፈው በግሬይን ነው፤ አንድ ግራም 15.4 ግሬይን ነው።

.30-30 ዊንቸስተር፦ እ.ኤ.አ. በ1895 የወጣ ነው። 9.7 ግራም አረር በ730 ሜትር ፍጥነት ይልካል፤ ጉልበቱ 2,580 ጁል አካባቢ ነው። ብዙዎቹ ጠመንጃዎቹ ጥይት የሚይዙት ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ አንዱን ከአንዱ ኋላ ደርድረው ነው። ሹል አረር የፊተኛውን ጥይት ግርጌ ነክቶ እንዳያፈነዳ አፍንጫው ደፍጠጥ ተደርጎ ይሠራል። ደፍጣጣ አፍንጫ አየር ስለሚይዘው ፍጥነቱን ቶሎ ያጣል፤ 200 ሜትር ሲደርስ ጉልበቱ በግማሽ ያህል ወርዷል። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ፣ በቅርብ ርቀት፣ መልካም ነው።

.243 ዊንቸስተር፦ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣ። ርግጫው ለስላሳ ስለሆነ ለጀማሪና ለወጣት ይመከራል። አረሩ ቀላል በመሆኑ ግን ለስህተት ብዙ ቦታ አይሰጥም፤ ከአጋዘን ለሚበልጥ እንስሳም አይመረጥም።

.270 ዊንቸስተር፦ እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣ። 8.4 ግራሙን በ930 ሜትር ይልካል። ሜዳማና ተራራማ አገር፣ ረዘም ባለ ርቀት ለሚያድን የታወቀ ነው።

.308 ዊንቸስተር እና .30-06 ስፕሪንግፊልድ፦ ሁለቱ እንደ ታላቅና ታናሽ ወንድም ናቸው። «06» የሚለው የአሜሪካ ጦር የተቀበለበትን 1906 ያመለክታል፤ .308 የመጣው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። የሁለቱም አረር ውፍረት አንድ ነው። ቀለሁ ግን ከ63 ወደ 51 ሚሊሜትር አጠረ። .308 9.7 ግራሙን በ860 ሜትር ሲልክ 3,600 ጁል አካባቢ አለው፤ .30-06 በትንሹ ይበልጠዋል፤ ከበድ ያለ አረር ሲጎርስም የተሻለ ነው። ለአጋዘን የአንዱን ከሌላው ብልጫ መለየት ይከብዳል።

ለትልልቆቹ

እንደ ደጋ አጋዘን ወይም እንደ አሜሪካ ትልልቅ አጋዘኖች 300 ኪሎ ለሚጠጋና ለሚያልፍ እንስሳ፣ .30-06 በከባድ አረር መነሻ ነው ሊባል ይችላል። ከእሱ በላይ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው .300 ዊንቸስተር ማግነም 11.7 ግራሙን በ900 ሜትር ይልካል፤ 4,700 ጁል ይሆናል። ለጎሽ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ከ500 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ ሲቆስል ተመልሶ የሚያጠቃ አውሬ ነውና፣ በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ሕጉ ራሱ .375ን ዝቅተኛ መለኪያ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ1912 የወጣው .375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ማግነም 19.4 ግራም አረር በ770 ሜትር ይልካል፤ ጉልበቱ 5,700 ጁል ያልፋል።

«እንግዲያው ትልቁን ይዞ መውጣት አይሻልም?» የሚል ይኖራል። አይሻልም። ጥይቱ በከበደ ቁጥር ጠመንጃው ትከሻ ላይ ያለው ርግጫ ይጨምራል። ርግጫውን የፈራ ተኳሽ ቃታውን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። በ.375 ሆዱን ከመምታት በ.243 ሳንባውን መምታት ይበልጣል። ከፊት እግሩ ኋላ፣ ልብና ሳንባው ያለበት ቦታ፣ በአሜሪካው አጋዘን ላይ አንድ ስንዝር ቢሰፋ ነው። ምርጫው ሁሉ አረሩን እዚያች ስንዝር ውስጥ ለማድረስ ነው።

ክላሽ ለምን አይሆንም?

ይህ አገራችን ውስጥ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ነው። የክላሽ ጥይት 8 ግራም አረር በ715 ሜትር ይልካል፤ ጉልበቱ 2,000 ጁል አካባቢ ነው፤ ከ.30-30ም ያንሳል። ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው። የጦር ሜዳ አረር ዙሪያውን በጠንካራ ብረት የተሸፈነ ነው። እንስሳው አካል ውስጥ ገብቶ ሳይሰፋ፣ ቀጭን ቀዳዳ ትቶ ሊያልፍ ይችላል። እንስሳው ቆስሎ ይሮጣል፤ ርቆም ይሞታል። የአደን አረር በአንጻሩ ሲገባ እንደ እንጉዳይ እንዲከፈት ተደርጎ የሚሠራ ነው። በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶች የጦር አረር ለአጋዘን አደን የተከለከለው ለዚህ ነው።

የሚከፈተው አረርም የራሱ ጣጣ አለው። እርሳሱ ሲሰባበር ጥቃቅን ስብርባሪ ሥጋው ውስጥ ይበተናል። እ.ኤ.አ. በ2008 በሰሜን ዳኮታና በሚኒሶታ ለችግረኞች የተለገሰ የአጋዘን ሥጋ እርሳስ ተገኝቶበት ተነስቶ ነበር። እርሳስ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ጎጂ ነው። ስለዚህ ሥጋው ለቤተሰብ የሚቀርብ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ አረር መምረጥና በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ በሰፊው ቆርጦ መጣል ይገባል።

ዑለማዎቹ የጠየቁት ጥያቄ

ዐዲይ ኢብን ሓቲም (ረ.ዐ) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ አደን በስፋት ጠይቀዋል። ቡኻሪና ሙስሊም ከዘገቡት የምንረዳው፣ የተወረወረው መሣሪያ በስለቱ ወግቶ ከገደለ እንደሚበላ፣ በጎኑ መትቶ ከገደለ ግን ተቀጥቅጦ እንደሞተ ተቆጥሮ እንደማይበላ ነው። በልጅነታችን በወንጭፍ ድንጋይ ወርውረን የገደልናት ወፍ የማትበላው በዚህ ምክንያት ነው፤ ድንጋዩ ቀጠቀጣት እንጂ አልወጋትም።

ባሩድ ሲመጣ ዑለማዎች ይህንኑ ጠየቁ፤ የእርሳስ አረር ይወጋል ወይስ ይቀጠቅጣል? እ.ኤ.አ. በ1836 ያረፉት የሐነፊው ሊቅ ኢብን ዐቢዲን ስለት ስለሌለው በማቃጠልና በክብደቱ ገፍቶ ይገድላል ብለው አልፈቀዱትም። ከእሳቸው ሁለት ዓመት ቀድመው ያረፉት የየመኑ ሸውካኒ ደግሞ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ስለዚህ ይወጋል ብለው ፈቀዱ። ዛሬ የአብዛኞቹ ዑለማዎች አቋም መፍቀድ ነው። ከላይ የዘረዘርናቸው ጥይቶች በሙሉ ቆዳ በስተው የሚገቡ ናቸውና።

ታዲያ ሁሉም ከወጉ ምርጫው ለምን ያስጨንቀናል? በሁለት ምክንያት። አንደኛው ኢሕሳን ነው። ሙስሊም በዘገቡት የሸዳድ ኢብን አውስ ሐዲስ፣ ሕይወት ስናጠፋ እንኳ አሳምረን፣ ሳናሰቃይ እንድናደርግ ታዘናል። ቢላን መሳል ግዴታ ሆኖ ሳለ፣ ለእንስሳው የማይመጥን ጥይት ማጉረስ በደነዘ ቢላ ከማረድ በምን ይለያል? ሁለተኛው ሹብሃን መራቅ ነው። ወዲያው ያልሞተ እንስሳ ይሮጣል፤ ገደል ይገባል፤ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ያኔ የገደለው አረሩ ይሁን ውድቀቱ ወይም ውሃው አይታወቅም፤ ሐላል የነበረው አጠራጣሪ ይሆናል። በሕይወት ከተደረሰበት ደግሞ በቢላ ማረድ ግዴታ ነው።

ሌሊቱን ያደረው አጋዘን

አሁን ወደ ወንድማችን እንመለስ። የተጠቀመው ጓደኛው ያዋሰውን አሮጌ .30-30 ነበር። ርቀቱን ስንጠይቀው «ከ200 ሜትር ሳያልፍ አይቀርም» አለን። በ100 ሜትር የተስተካከለ .30-30 በ200 ሜትር አረሩ ወደ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ይላል፤ .308 ቢሆን ዝቅታው ግማሽ ስንዝር አካባቢ ነው። ልብና ሳንባን ያነጣጠረው አረር ከዚያች ስንዝር ወርዶ መታ ማለት ነው። ጥይቱ መጥፎ አልነበረም፤ ከአቅሙ በላይ ተላከ። ቀርቦ መተኮስ፣ ካልሆነም ቃታውን መተው ነበረበት።

ሥጋውን በተመለከተ፣ ከዐዲይ ሐዲስ እንደምንረዳው ከቀን በኋላ የተገኘ እንስሳ ከአዳኙ መሣሪያ ሌላ ምልክት ካልታየበትና ውሃ ውስጥ ካልወደቀ ይበላል። በሌላ ሐዲስ ደግሞ ሥጋው አለመሽተቱ ተጠቅሷል። በመዝሀቦች መካከል ግን ልዩነት አለ፤ በማሊኪዮች ዘንድ የታወቀው አቋም ሌሊቱን ካደረ እንዳይበላ ነው። ስለዚህ ቢበላው መሠረት ነበረው፤ ተጠራጥሮ መተዉም የሚያስወቅሰው አይደለም። የሚያስጸጽተው ተኩሱ ነው።

በአገራችንስ?

ይህን ስንጽፍ ማንም ጠመንጃ አንስቶ ጫካ እንዲገባ አይደለም። በኢትዮጵያ አደን የሚፈቀደው በዱር እንስሳት ሕግ መሠረት በፈቃድ ብቻ ነው። የጦር መሣሪያም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይገዛል። የደጋ አጋዘን የመጥፋት አደጋ የተጋረጠበት እንስሳ ነው፤ እንደ ሙነሳ፣ ሐንቶና ኦዶ ቡሉ ባሉ የአደን ቀበሌዎች የሚታደነውም በኮታ ነው። ያለ ፈቃድ የሚተኮስ ጥይት የአላህን አማና መዳፈር፣ የልጆቻችንንም ድርሻ መውሰድ ነው።

ወንድማችን ሻዩን ጨርሶ ሲነሳ «እንግዲህ .308 ልግዛ?» ብሎ ጠየቀን። «ግዛ፤ ከመውጣትህ በፊት ግን ዒላማ ላይ ደጋግመህ ተለማመድ፤ በእጅህ እርግጠኛ የምትሆንበትን ርቀት እወቅ፤ ከዚያ አትለፍ» አልነው። የተፈቀደልን ሲሳይ ነው፤ የምንወስደው ግን ነፍስ ነው። ነፍስ የሚወስድ ሰው መሣሪያውን ሊያውቅ ግድ ነው።

ወላሁ አዕለም።