አንዲት ፊደል ስትለወጥ፦ ሄፓታይተስ ቢ እና የሚቀረው ፕሮቲን

ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው የምርመራ ወረቀቱ ላይ «ኢ አንቲጂን፦ ኔጌቲቭ» የሚል ሲያነብ ቫይረሱ የተዳከመ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ኢ አንቲጂን ከቫይረሱ ፕሮቲኖች አንዱ ነው፤ ምስጢሩም ያለው ቫይረሱ ፕሮቲን በሚያሠራበት መንገድ ላይ ነው።

ቫይረሱ የራሱ የፕሮቲን መሥሪያ የለውም። ጉበት ሴል ውስጥ ገብቶ መመሪያውን በአርኤንኤ ያስጽፋል፤ የሴሉ ራይቦዞም ደግሞ ያንን መመሪያ ሦስት ሦስት ፊደል እያነበበ አሚኖ አሲዶችን ይቀጣጥላል። የቫይረሱ ዘረመል በጠቅላላው 3,200 ገደማ ፊደል ነው። ሲባዛ የተሳሳተውን የሚያርም ስለሌለው ፊደላት በየጊዜው ይለዋወጣሉ።

ከታወቁት ለውጦች አንዱ 1896ኛው ቦታ ላይ «ጂ» በ«ኤ» ሲተካ የሚከሰተው ነው። ቀድሞ «ዩጂጂ» ተብሎ ትሪፕቶፋን የተባለውን አሚኖ አሲድ ያስገባ የነበረው ትእዛዝ «ዩኤጂ»፣ ማለትም «አቁም» ይሆናል። በዓረፍተ ነገር መሐል አራት ነጥብ እንደማስገባት ነው፤ ራይቦዞሙ እዚያው ያቆማል፣ ኢ አንቲጂንም ሳይሠራ ይቀራል። የቫይረሱን ቅርፊትና ማባዣ ፕሮቲን የሚያሠራው ንባብ ግን ከዚያ ቦታ በኋላ ስለሚጀምር አይነካም። ቫይረሱ ያለ ኢ አንቲጂን መባዛቱን ይቀጥላል።

ይህ ለውጥ በሁሉም የቫይረሱ ዝርያ እኩል አይታይም። 1896ኛው ፊደል ከ1858ኛው ጋር ተጣምሮ ለመባዛት የሚያስፈልግ የአርኤንኤ እጥፋት ይሠራል። በዝርያ ኤ 1858ኛው ቦታ ላይ በአብዛኛው «ሲ» ስላለ ለውጡ ጥምረቱን ያላላል፤ ስለዚህ ብዙም አይገኝም። በዝርያ ዲ ግን እዚያ ያለው ፊደል ከ«ኤ» ጋር ይበልጥ ስለሚጣበቅ ለውጡ ይስፋፋል። በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኙት እነዚሁ ሁለቱ ዝርያዎች ናቸው።

ስለዚህ ኢ አንቲጂን ኔጌቲቭ ስለሆነ ብቻ ክትትል ማቋረጥ አይገባም። በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን የሚለካው ቫይራል ሎድ እና የጉበት ምርመራ አብረው መታየት አለባቸው፤ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ደግነቱ ይህ ለውጥ የቫይረሱን የላይኛ ሽፋን ፕሮቲን አይነካም። የመጀመሪያው የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም ክትባቱም የተመሠረቱት በዚያ ፕሮቲን ላይ ስለሆነ፣ ምርመራው ቫይረሱን ያገኘዋል፣ ክትባቱም ይከላከለዋል።